ቃል ወይስ መንገድ?
ከታላላቅ ደራስያን ስለሚቀሰመው የአጻጻፍ ትምህርት

መንደርደሪያ

«መጻፍ የሚፈልግ ሰው ታላላቅ ደራስያንን ያንብብ» የሚለው ምክር ከመምህራንም ከአርታዒዎችም አፍ የማይለይ ነው። ምክሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ጎደሎ ነው። እንዴት ተደርጎ እንደሚነበብና ከተነበበውም ምን እንደሚወሰድ አይናገርም። ከዚህም የተነሣ ብዙዎቻችን፣ ተርጓሚዎችና የስያሜ ባለሙያዎች ጭምር፣ ከታላላቅ ድርሰቶች የምንወስደው ቃልን ነው፤ ይኸውም ያማረ ቅጽል፣ የተረሳ ግሥ፣ ለጆሮ የሚጥም ምሳሌያዊ አነጋገር ነው። ያገኘነውን በማስታወሻችን እንመዘግባለን፤ ጊዜው ሲደርስም እንደ ፈርጥ በራሳችን ጽሑፍ ላይ እንለጥፈዋለን። ጽሑፋችን ግን በዚህ ሲሻሻል አይታይም። ከዚህ ቀጥሎ ለማሳየት የምንሞክረው፣ ከታላቅ ደራሲ የሚወሰደው ዋናው ነገር ቃሉ ሳይሆን መንገዱ መሆኑን፣ መንገዱም በማንበብ ብቻ ሳይሆን ያንኑ ነገር ራስ ሞክሮ በማነጻጸር የሚገለጥ መሆኑን ነው።

ጉዳዩ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ቅንጦት ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ መሥሪያ ቤት ስለ ንጹሕ ውሃ የሚያስረዳ አነስተኛ ጽሑፍ ወደ አማርኛ መልሰን ነበር። ከዓረፍተ ነገሮቹ አንዱ «ለመጠጥነት የሚውል ውሃ ጥቅም ላይ ከመዋሉ አስቀድሞ የማፍላት ተግባር ሊከናወንበት ይገባል» የሚል ነበር። ቃላቱ ሁሉ አማርኛ ናቸው፤ የሰዋስው ስሕተትም አናገኝበትም። ጽሑፉ በተነበበበት ስብሰባ ላይ ግን አንዲት እናት እስከ መጨረሻው አዳምጠው ሲያበቁ፣ «የሚያፈላው ማን ነው? እናንተ ናችሁ ወይስ እኛ?» ሲሉ ጠየቁ። ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አልነበረም። «ውሃውን አፍልታችሁ ጠጡ» ብንል ኖሮ ጥያቄው ባልተነሣ ነበር። መዝገበ ቃላት አገላብጠን ነበር፤ ቃልም አልጠፋንም። የጠፋን ዓረፍተ ነገሩን የምናስኬድበት መንገድ ነው።

1. የቅኔ ቤት ልምድ

መንገድን ከቃል ለይቶ ማስተማር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ከጥንት ጀምሮ የድርሰትን ጥበብ በሥርዓት ሲያስተምር የኖረው የቅኔ ቤት ነው። ተማሪው ግሥና አገባብ እያጠና የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፤ ምስጢሩ ይፈታለታል፤ ሰሙ ከወርቁ እንዴት እንደተገጠመ፣ ኅብሩም በየትኛው ቃል እንደተሰወረ ይነገረዋል። ሆኖም የሰማውን መልሶ ቢናገር ተቀኘ አይባልም። ከሰው ተለይቶ የራሱን መቁጠር አለበት። በሁለት ቤት ከምትፈጸመው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ መወድስ ያድጋል። የቆጠረውን ለመምህሩ ያቀርባል፤ መምህሩም ያርሙለታል። እንግዲህ መስማት፣ መፈታት፣ ራስ መሞከር፣ መታረም የትምህርቱ አራት ምሰሶዎች ናቸው ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ የዛሬው «አንብብ» የሚለው ምክር የያዘው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ልብ ሊባል የሚገባው ሌላው ጉዳይ የቅኔ ቤት ልዩነቱን የሚጠራበት ቃል ነው። የዋሸራ፣ የጎንጅ፣ የዋድላ ተብሎ ሲለይ የሚለየው የቃላቱ ክምችት አይደለም፤ ግእዙ ለሁሉም አንድ ነው። የሚለየው ቃላቱ የሚሰለፉበትና ምስጢሩ የሚሠራበት ሁኔታ ነው፤ ይህንንም ሊቃውንቱ «መንገድ» ይሉታል። በዘመናዊው ሂሳዊ ጽሑፍ «ቴክኒክ» እና «ስታይል» ለሚባሉት ቃላት አንዳችን «ዘዴ»፣ ሌላችን «ስልት»፣ ሦስተኛው ደግሞ «ብልሃት» ወይም «ዘይቤ» እያልን ስንቸገር ቆይተናል። በእኛ አስተያየት ደራሲው በአንድ ቦታ ለሚጠቀምበት ለተወሰነ ብልሃት «ዘዴ» የሚለው ቃል ቢበቃ፣ በድርሰቱ ሁሉ ለሚታየው አካሄዱ ደግሞ የቅኔ ቤቱ «መንገድ» ቢያዝ፣ ሁለቱን ለመለየት ይረዳል።

2. የቦስተኑ ልጅና የእንግሊዙ መምህር

ይህንኑ ልምድ ያለ መምህር፣ በራሱ ጥረት ያገኘ ሰው በሌላ አገር እናገኛለን። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በቦስተን ከተማ በወንድሙ ማተሚያ ቤት ይሠራ በነበረበት የልጅነት ዘመኑ፣ ከጓደኛው ጋር በጽሑፍ ሲከራከር አባቱ ደብዳቤዎቹን አይተው በአገላለጽ ውበት፣ በአደረጃጀትና በግልጽነት ከጓደኛው እንደሚያንስ ነገሩት። ልጁም በለንደን በ1711 እና በ1712 እ.ኤ.አ. በአዲሰንና በስቲል አዘጋጅነት ይወጣ ከነበረው «ስፔክቴተር» ከተባለው ጽሑፍ ጥራዞች አንዱን አገኘ። ያደረገውን በግለ ታሪኩ ውስጥ ራሱ ገልጦታል። ከየዓረፍተ ነገሩ ሐሳቡን ብቻ በአጭር ማስታወሻ ያዘ፤ ለጥቂት ቀናት አስቀመጠው፤ ከዚያም መጽሐፉን ሳይመለከት ሐሳቡን በራሱ ቃል አሟልቶ ጻፈው፤ በመጨረሻም ከዋናው ጋር አነጻጽሮ ስሕተቱን አረመ። የቃላት ድህነቱን ለመወጣት ትረካዎቹን ወደ ግጥም ለውጦ፣ ከረሳቸው በኋላ እንደገና ወደ ዝርው መለሳቸው። የአደረጃጀትን ጥበብ ለመማር ደግሞ ማስታወሻዎቹን ሆን ብሎ አደባልቆ ከሳምንታት በኋላ በቅደም ተከተል ለማስቀመጥ ሞከረ።

ለተርጓሚ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ከፍራንክሊን በፊት የነበረው የእንግሊዛዊው የሮጀር አስካም ዘዴ ነው። የንግሥት ኤልሳቤጥ መምህር የነበረው አስካም፣ ከሞተ በኋላ በ1570 እ.ኤ.አ. በታተመው «የትምህርት ቤት መምህር» በተሰኘው መጽሐፉ፣ ተማሪው የሲሴሮንን ላቲን ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልስ፣ ጥቂት ቆይቶም ዋናውን ሳያይ የራሱን እንግሊዝኛ ወደ ላቲን እንዲመልስ፣ ከዚያም ሁለቱን ላቲኖች ጎን ለጎን አድርጎ እንዲመለከት ይመክራል። በሁለቱ መካከል የሚገኘው ልዩነት ደራሲው የሚያውቀው ተማሪው ግን የማያውቀው ነገር ነው። ትምህርቱም የሚገኘው እዚያው ላይ ነው።

3. አንድ ሙከራ

ልምምዱን ወደ አማርኛ ስናመጣው ምን እናገኛለን? እጅግ የማይመሳሰሉ ሁለት ደራስያንን እንውሰድ። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ረዥም ዓረፍተ ነገርን አይፈሩም፤ ሐሳቡን ከሐሳብ እያያያዙ፣ ማሰሪያውን እያዘገዩ ይሄዳሉ። እኚህ ደራሲ በጎጃም የቅኔ ተማሪ እንደነበሩም መዘንጋት የለበትም። በዓሉ ግርማ በአንጻሩ ለብዙ ጊዜ በጋዜጣና በመጽሔት አዘጋጅነት የሠሩ ናቸው፤ በ1962 ዓ.ም. ከወጣው ከ«ከአድማስ ባሻገር» እስከ «ኦሮማይ» ድረስ አጫጭር፣ ፈጣን ዓረፍተ ነገሮችን ያዘወትራሉ። በአጻጻፍ ትምህርት ላይ የሚነሣው ክርክር ብዙ ጊዜ በእነዚህ ሁለት ዓይነት አካሄዶች መካከል ነው፤ አንዱ ወገን «አሳጥሩ» ይላል፣ ሌላው «አማርኛ በረዥሙ ነው የሚያምረው» ይላል።

ክርክሩ ስፍራውን የሳተ መሆኑን ለማሳየት አንድ ቀላል ትዕይንት በሦስት መልክ ጽፈናል። ዓረፍተ ነገሮቹ የእኛው ናቸው፤ ከማንኛውም ደራሲ አልተወሰዱም።

ሀ) «የፍርድ ውሳኔው ንባብ በመከናወን ላይ እያለ በባልቴቷ በኩል ነጠላን የማስተካከልና ወደ መውጫው የማምራት ሁኔታ ታይቷል።»

ለ) «ባልቴቷ ዳኛው ስሟን ሲጠራ ሰምታ፣ ከአግዳሚው ተነሥታ፣ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ፍርዱ እስኪያልቅ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሣ ቆማ፣ ሲያልቅም እጅ ነሥታ ወጣች።»

ሐ) «ዳኛው ስሟን ጠራ። ባልቴቷ ተነሣች። ነጠላዋን አደገደገች። ፍርዱ እስኪያልቅ ዓይኗን ከወለሉ አላነሣችም። እጅ ነሥታ ወጣች።»

ከሦስቱ በጣም ረዥሙ ዓረፍተ ነገር «ለ» ነው፤ 19 ቃላት አሉት። «ሀ» 15 ብቻ ነው። ይሁን እንጂ አንባቢን የሚያደክመው «ሀ» እንጂ «ለ» አይደለም። ምክንያቱ በሰዋስዋችን ውስጥ ይገኛል። የአማርኛ ግሥ ባለቤቱን በራሱ ውስጥ ይዞ ይሄዳል፤ «ሰምታ»፣ «ተነሥታ»፣ «ቆማ» የሚሉት ቦዝ አንቀጾች እያንዳንዳቸው «እሷ» ይላሉ። አንባቢው ማሰሪያው እስኪደርስ ድረስ ብዙ ቢጓዝም በየእርምጃው አንዲቷን ሴት ያያል፤ ድርጊቶቹም በተፈጸሙበት ቅደም ተከተል ይመጡለታል። «የማስተካከል»፣ «የማምራት» የሚሉት ንዑስ አንቀጾች ግን ባለቤት የላቸውም። ስለዚህ ባለቤቷ «በባልቴቷ በኩል» በሚል ምርኩዝ ተደግፋ እንድትገባ፣ ድርጊቱም «ሁኔታ ታይቷል» በሚል ባዶ ማሰሪያ እንዲዘጋ ግድ ሆነ። በውሃው ጽሑፍ ላይ የደረሰብንም ይኸው ነበር።

ከዚህ የምንረዳው፣ የሁለቱ ደራስያን መንገድ በርዝመት ቢለያይም በአንድ ነገር እንደሚገናኝ ነው። በሁለቱም ዘንድ ግሡ ሰው አለው። ሀዲስን አንብቦ ርዝመቱን ብቻ የወሰደ ጸሐፊ የተንዛዛ ጽሑፍ ያተርፋል፤ በዓሉን አንብቦ እጥረቱን ብቻ የወሰደም የተቆራረጠ ጽሑፍ ያተርፋል። ሁለቱም የወሰዱት የውጭ ልብሱን ነው። ይህን ግን በማድነቅ አልደረስንበትም፤ ራሳችን ጽፈን ስናበላሽና ስናነጻጽር ነው ያየነው።

4. የተርጓሚ ድፍረት

መንገድን ያየ ተርጓሚ ከቃል ነጻ ይወጣል። ነቢይ መኮንን የማርጋሬት ሚቸልን ታላቅ ልብ ወለድ በደርግ ዘመን በእስር ቤት ሳሉ፣ ደብተር በሌለበት፣ በሲጋራ ወረቀት ላይ እየጻፉ ወደ አማርኛ እንደመለሱት የታወቀ ነው። ለትርጉሙ የመረጡት ርእስ «ነገም ሌላ ቀን ነው» የሚል ነው። የእንግሊዝኛው ርእስ ቃል በቃል ቢመለስ በነፋስ ስለ ተወሰደ ነገር የሚናገር ይሆን ነበር። ተርጓሚው ግን ርእሱን የወሰዱት ዋናዋ ገጸ ባሕርይ በመጽሐፉ መዝጊያ ላይ ከምትናገረው ነው። የመጽሐፉ ጉዞ ሁሉ ወዴት እንደሚያመራ መርምሮ ያላየ ሰው ይህን ሊያደርግ አይችልም ነበር። እዚህ ላይ ታማኝነቱ ለመጽሐፉ መንገድ ነው።

በተውኔትም እንዲሁ ነው። ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልዬት»ን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ «ኦቴሎ»ንና «ሐምሌት»ን ለአማርኛ አንባቢና ተመልካች አቅርበዋል። ሼክስፒር የሚጽፍበት የእንግሊዝኛ ስንኝ በአነባበብ ክብደትና ቅለት የሚለካ ነው፤ ይህ መለኪያ በአማርኛ ቦታ የለውም። ጸጋዬም በበኩላቸው በስማቸው «የጸጋዬ ቤት» ተብሎ የሚጠራ የስንኝ ዓይነት ለአማርኛ ግጥም ትተውለት አልፈዋል። ከታላቅ ደራሲ ጋር ረዥም ጊዜ የተቀመጠ ሰው ሊያተርፍ የሚችለው ይህን ነው፤ የሌላውን ስንኝ ሳይሆን የራስን ስንኝ።

5. ስለ ሙያ ቃላት

ይህ ሁሉ ስያሜ ከሚያወጣ ባለሙያ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ያገናኘዋል ብለን እናምናለን። አንድን አዲስ የሙያ ቃል ስንመዝን አብዛኛውን ጊዜ የምንጠይቀው፣ ትርጉሙን ያሟላል ወይ፣ ሥርወ ቃሉ ትክክል ነው ወይ የሚለውን ነው። ደራሲ ግን ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል፤ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ይራመዳል ወይ?

ሁለት ምሳሌ እንመልከት። «ትነት» የሚለው ቃል «ተነነ» ከሚለው ግሥ የወጣ ስለሆነ ከወንድሞቹ ጋር ይሠራል፤ «ውሃው ተነነ»፣ «ሲተን»፣ «ተንኖ አለቀ» እንላለን። መምህሩ ሲያስረዳ ስሙን ትቶ በግሡ መናገር ይችላል። ዕፀዋት በብርሃን ኃይል ምግባቸውን የሚያዘጋጁበት ሂደት የሚጠራበት «ብርሃን አስተፃምሮ» ግን፣ በትምህርት መጻሕፍት የተለመደና ከግእዝ በጥንቃቄ የተወጠነ ቢሆንም፣ በአማርኛ የሚረባ ግሥ የለውም። ስለዚህ ጸሐፊው «ብርሃን አስተፃምሮ ያካሂዳሉ» ለማለት ይገደዳል። «ያካሂዳሉ»፣ «ያከናውናሉ»፣ «ያደርጋሉ» የሚሉት ረዳት ግሦች ጽሑፋችንን የወረሩት አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ስንል የተለመደው ቃል ይጣል ማለታችን አይደለም፤ የተማሪ ትውልዶች የለመዱትን ማፍረስ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ለወደፊቱ ግን የተጠቆመ ቃል ሁሉ ከመጽደቁ በፊት በሦስት ወይም በአራት ሕያው ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ገብቶ ቢፈተን፣ በቃላት ዝርዝር ውስጥ ተወልዶ እዚያው የሚሞተው ስያሜ ቁጥሩ በቀነሰ ነበር።

መዝገበ ቃላትም ከዚህ ሊማር ይችላል። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ከፍተኛ ዝና ያተረፈው በፍቺዎቹ ብቻ አልነበረም፤ ቃላቱ በታላላቅ ጸሐፊዎች እጅ እንዴት እንደሠሩ በብዙ ሺህ ጥቅሶች በማሳየቱም ጭምር ነው። የእኛዎቹ ሊቃውንት፣ ተሰማ ሀብተ ሚካኤል ግጽው በ1951 ዓ.ም.፣ ደስታ ተክለ ወልድም በ1962 ዓ.ም. በታተሙት መዝገበ ቃላት የጣሉት መሠረት ጽኑ ነው። በዚያ መሠረት ላይ፣ ቃሉ በየዘመኑ በነበሩ ደራስያን እንዴት እንደዋለ ከነዓመተ ምሕረቱ የሚያሳይ ሥራ ቢታከልበት፣ መዝገበ ቃላቱ ራሱ የአጻጻፍ ትምህርት ቤት ይሆናል።

6. ሊነሡ ስለሚችሉ ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ፣ «የሌላውን መንገድ የተከተለ የራሱን ድምፅ ያጣል» የሚል ነው። ፍርሃቱ ተገቢ የሚሆነው ሰው ቃሉን ሲቀዳ ነው። የቅኔ ቤት ልምድ የሚያሳየን ግን ተቃራኒውን ነው፤ ተማሪው በመምህሩ መንገድ እየሄደ በየዕለቱ አዲስ ነገር እንዲናገር ይገደዳል። ዳኛቸው ወርቁን እንመልከት። በ1962 ዓ.ም. የታተመው «አደፍርስ» በባላገር ንግግር፣ በምሳሌያዊ አነጋገርና በቤተ ክህነት አነጋገር የተሞላ ነው፤ እነዚህ ሁሉ ከእሳቸው በፊት የነበሩ ናቸው። መጽሐፉ ግን የማንንም አይመስልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ «ልብ ወለድ ሌላ፣ የመሥሪያ ቤት ጽሑፍ ሌላ» የሚል ነው። በእርግጥ የጤና መመሪያን በልብ ወለድ ቋንቋ መጻፍ አይገባም። ነገር ግን ከላይ ያየነው የግሥና የባለቤት ጉዳይ የልብ ወለድ ጌጥ አይደለም፤ የቋንቋው አጥንት ነው። ደራስያን ከሌላው ይልቅ ይበልጥ የሚያውቁት፣ አንባቢ አስገድዶ የሚያስነብባቸው አለቃ ስለሌላቸው ነው። አንባቢ በሰለቸ ጊዜ መጽሐፉን ይዘጋባቸዋል።

ሦስተኛው፣ ታላላቅ ደራስያንም ይሳሳታሉ የሚለው ነው። እውነት ነው፤ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ እንኳ ገጸ ባሕርያቱ በንግግራቸው በሚገባ ያሳዩንን ነገር ደራሲው እንደገና የሚያብራሩበት ቦታ አለ። ይሁንና ይህም ትምህርት ነው። የታላቅን ሰው ድካም ለይቶ ያየ ተማሪ ብርታቱንም በይበልጥ ያያል፤ በጭፍን የሚያደንቅ ግን ሁለቱንም አያይም።

ማጠቃለያ

ከላይ የተባለውን በተግባር ለማዋል ለሚፈልግ ተርጓሚ የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ከሚያከብረው ደራሲ አንድ ገጽ ይምረጥ፤ ሐሳቡን ብቻ በማስታወሻ ይያዝ፤ ከሳምንት በኋላ በራሱ ይጻፈው፤ ከዋናው ጋር ሲያነጻጽርም በቃላቱ ላይ አይቁም። ባለቤቱ መጀመሪያ የት ብቅ እንዳለ፣ የትኛው ድርጊት በቦዝ፣ የትኛው በማሰሪያ እንደተነገረ፣ ለመጨረሻ ምን እንደተቆየ፣ ምን ሳይነገር እንደተተወ ይመርምር። የውጭ ቋንቋ የሚያውቅ ከሆነም በአስካም ዘዴ ገጹን ወደዚያ ቋንቋ መልሶ፣ ቆይቶ ወደ አማርኛ ያምጣው። በወር አንድ ገጽ ቢሠራ በዓመት 12 ገጽ ይሆናል፤ ለአንድ ሰው ጽሑፍ መለወጥ ይህ ትንሽ አይደለም።

እኛም የዚያን የውሃ ጽሑፍ ዓረፍተ ነገሮች በዚሁ መንገድ እንደገና አንድ በአንድ ጽፈናቸዋል። ከቀድሞው በቃላት ብዛት አነሱ፤ ከመዝገበ ቃላት የተፈለገም አዲስ ቃል አልነበረም። እናቲቱ የጠየቁትን ጥያቄ ግን በየዓረፍተ ነገሩ ኅዳግ ላይ ጽፈን ነው የሠራነው፤ «የሚያፈላው ማን ነው?» የሚለውን። አንባቢያን በራሳቸው ሥራ ላይ ሞክረውት ያገኙትን ውጤት፣ የሚቃወሙትም ካለ ተቃውሟቸውን ቢልኩልን በደስታ እንቀበላለን።